ክብሪቱ ከሰሊም፣ ላምባው ከጎፓል

ባለፈው ወር፣ ሐዋሳ፣ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ አንድ ሽታ አስቆመኝ። ከሥራ ስመለስ የጫማዬ ተረከዝ ተነቅሎብኝ ስለነበር በአንድ እጄ ጫማዬን፣ በሌላው አንድ ፌስታል ሽንኩርት ይዤ በባዶ እግሬ እወጣለሁ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ከአንዱ በር ሥር የሰናፍጭ ዘር ሽታ መጣ። በጾም የምንበላው፣ አፍንጫ ሰርስሮ የሚያስለቅሰው የተፈጨ ሰናፍጭ አይደለም። ይሄኛው ድፍኑ ዘር የጋለ ዘይት ውስጥ ሲጣል የሚሸተው ነው፤ ሊያር ሲል ከምጣድ የወረደ ለውዝ ይመስላል። ከበሩ ወዲያ ዘሩ ጠሽ ጠሽ እያለ ሲፈነዳ ይሰማል። አዲስ የገቡ ህንዳዊ መሐንዲስ እንዳሉ ዘበኛው ነግሮኝ ነበር። በሩን አላንኳኳሁም። ግን እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩና፣ ሰው ሲያልፍ ጫማዬን የምጠግን እየመሰልኩ፣ ሽታው እስኪያልቅ ቆየሁ። ልቤ የሄደው አርባ ምንጭ፣ ሴቻ፣ እማማ ታደለች ግቢ ነው።

እማማ ታደለች አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። አጭር፣ ሰፊ፣ ቸኳይ ሴት። የሟች ባላቸውን ቡናማ ኮት ከቀሚሳቸው ላይ ደርበው ክረምት ከበጋ አያወልቁትም። በአርባ ምንጭ ሙቀት ኮት ለብሶ የሚውል ሰው እሳቸውን ብቻ ነው የማውቀው፤ ከጨንቻ ደጋ በሙሽርነት ሲወርዱ ብርዱንም ይዘውት የወረዱ ይመስላል። ከግቢያቸው መካከል አንድ ትልቅ ማንጎ ነበር። ማንጎው ሲበስል ከጫካው የሚመጡትን ዝንጀሮዎች በጋሞኛ፣ ተከራዮቻቸውን ደግሞ በአማርኛ ይቆጡ ነበር። ዝንጀሮዎቹ የተሻለ ይሰሟቸዋል እየተባለ ይቀለዳል።

በአማርኛቸውም ይቀለድ ነበር። አፍ የፈቱበት ቋንቋ ሲያነጋግር ወንድ ሴት ብሎ ሰውን አይለይም፤ ስለዚህ የአማርኛው "አንተ"ና "አንቺ" ለእሳቸው እንደ ሁለት ማንኪያ ነበሩ፤ እጃቸው የገባውን ያነሣሉ። ሾፌር የሆነውን አባቴን "ነይ፣ ግቢ፣ ቁጭ በይ" ይሉታል። እናቴን "ደህና አደርክ?" ይሏታል። እናቴ ሰብለ ከደብረ ማርቆስ በመንግሥት ሥራ ተዛውራ የመጣች፣ በሰዋስው ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። አንድ ቀን ከጎናቸው ቁጭ ብላ ልታስተምራቸው ሞከረች። እማማ ታደለች በትዕግሥት አዳመጧትና "ያልኩህ ገብቶሃል አይደል? ከገባህ ምን ቀረ?" አሏት። እናቴ ይሄን ለአባቴ ስትነግረው ወጡ ትን አለው።

ሁለቱ ህንዶች የመጡት እኔ አራተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከውጭ ያስመጣቸው መምህራን ነበሩ፤ ሰፈሩ ግን "ፕሮፌሰሮቹ" ነበር የሚላቸው። ጎፓል የሒሳብ መምህር ነው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ጉልበቱ ቀድሞት የሚደርስ ሰው። ሰሊም የመስኖ መሐንዲስ ነው። ድቡልቡል ያለ፣ ሸሚዙ ከሆዱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የሚጎድለው። ሁለቱም የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው። አንድ ከተማ ተወልደው፣ ጥቂት መንደር ተራርቀው አድገው፣ ሳይተዋወቁ ኖረው፣ የተገናኙት አርባ ምንጭ ነው። እማማ ታደለች ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ክፍሎችና አንድ የጋራ ማድቤት ተከራዩ።

የገቡ ዕለት ጎፓል ከአጥሩ ጥግ የቆመውን የሽፈራው ዛፍ አይቶ በደስታ ጮኸ። እኛ ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለን የምንበላው ዛፍ እነሱም አገር አለ ለካ። እነሱ ግን የሚወዱት ቅጠሉን ሳይሆን እኛ ዞር ብለን የማናየውን፣ ዱላ የመሰለውን ፍሬውን ነው። እማማ ታደለች ከማድቤት ሲወጡ አንዱ ፕሮፌሰር ሌላውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ዱላውን ሲለቅሙ አገኟቸው። ርሃብ ያሳበዳቸው መሰላቸው። ከንፈራቸውን እየመጠጡ ገብተው አንድ ሙሉ ዘለላ ሙዝ አምጥተው እግራቸው ሥር አስቀመጡ።

አማርኛ ያስተማሯቸውም እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሁለት የተማሩ ሰዎች ሰዋስውን ከነጣጣው ወረሱ። ሰሊም አንድ ጢማቸው እስከ ደረታቸው የሚወርድ የትምህርት ክፍል ኃላፊን ተማሪዎች ፊት "ደህና አደርሽ ጌታዬ፣ ቁልፉን ስጪኝ" ብሏቸው፣ ወሬው ከሴቻ ተነሥቶ ታችኛው ከተማ፣ ሲቀላ፣ እስኪደርስ ከተማው ሁሉ ሳቀ።

ጎፓል ሥጋ አይበላም። እንቁላልም አይነካም። ለሰፈሩ ኦርቶዶክስ እናቶች ይሄ ትልቅ ነገር ነበር፤ በፋሲካ እንኳ የማይፈስክ ሰው አይተው አያውቁም። ማለዳ ማለዳ ከክፍሉ ትንሽ ደወል ይሰማል፣ ቀጥሎም ዜማ። ባሕታዊ ነው ተባለ። እማማ ታደለች ከማኅበር ሲመለሱ ከኮታቸው ኪስ ቁራሽ ዳቦ አውጥተው ለጎፓል ይሰጡታል፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀብሎ ግንባሩን ያስነካል። ይሄን ያየች ሴት ሁሉ የገዛ ልጇን አስታውሳ ትተክዛለች። ሰሊም ደግሞ ዓርብ ዓርብ ከባለሱቁ ከጋሽ ከድር ጋር መስጊድ ይሄዳል። ጋሽ ከድር የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው ስለሆነ በዚህ ጓደኝነቱ ይኮራ ነበር። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ "ከህንድ ጋር ነኝ" ይላል፣ ሰሊም እዚያው አጠገቡ ቆሞ።

ሁለቱ አብረው ያበስሉ ነበር። ጎፓል ሰናፍጩን ዘይት ውስጥ ይጥላል፣ ሰሊም ሽንኩርት ይከትፋል፣ ሁለቱም የፊልም ዘፈን ያዜማሉ። ሰሊም ሥጋ ሲያምረው በራሱ ድስት፣ በራሱ ማንኪያ፣ ከማድቤቱ ደጅ ሦስት ጉልቻ ጎልቶ ይሠራል፤ ጎፓል ደግሞ ሽታው እንዳይደርስበት አፍንጫውን በፎጣ አሥሮ አጠገቡ ተቀምጦ ያጫውተዋል። እኔ ከአጥሩ ቀዳዳ ይሄን እያየሁ ነው ያደግኩት።

ነገሩ የመጣው በአንድ እሑድ ነው። በዚያ በሩቁ ከተማቸው የሂንዱዎች የበዓል ሰልፍ ከነከበሮው በመስጊድ በር ሲያልፍ ጠብ ተነሣ። አንዱ ድንጋዩ ከመስጊድ ተወረወረ አለ፣ ሌላው ከሰልፉ ተወረወረ አለ። ሲመሽ ሱቆች ነደዱ፣ ሰው ሞተ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ዕለት ያየሁት፣ ሁለት ሰዎች ማንጎው ሥር አንዲት ስልክ ላይ አቀርቅረው መጀመሪያ ቀስ ብለው ሲነጋገሩ፣ ከዚያ ብድግ ብለው በቋንቋቸው ሲጯጯሁ ነው። ጎፓል ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ድምፁ እንደ ልጅ ቀጭን ሆነ። ከዚያ ሁለቱም ወደየክፍላቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ፤ ስልኳ ማንጎው ሥር ብቻዋን ብዙ ጮኸች።

በማግስቱ ማድቤቱ በገመድ ለሁለት ተከፈለ። ገመዱን የዘረጋው ጎፓል ነው፤ የሒሳብ ሰው ስለሆነ እኩል ነበር የከፈለው። በቀኙ የጎፓል ድስት፣ በግራው የሰሊም። ጨው ለሁለት ተከፈለ፣ ሽንኩርት ለሁለት ተከፈለ፣ የላምባ ምድጃው ገመዱ ሥር መሐል ላይ ቀረ። ግን ላምባው ያለበት ጀሪካን በጎፓል ወገን፣ ክብሪቱ በሰሊም ወገን ሆኖ ተገኘ። ክብሪት ከጋሽ ከድር ሱቅ መግዛት ለጎፓል ቀላል ነበር፤ ላምባ መቅዳትም ለሰሊም እንደዚያው። ግን ቀድሞ የገዛ ሰው የተሸነፈ ይመስል ሁለቱም አልገዙም። ምግብ ሰዓት ሲደርስ ጎፓል ጀሪካኑን፣ ሰሊም ክብሪቱን ይዘው፣ በገመዱ ግራና ቀኝ ቆመው ያልተለኮሰውን ምድጃ ያያሉ። ከዚያ እየወጡ ሙዝ ይበላሉ። ሳምንቱን ሙሉ በሙዝ ኖሩ። የሰሊም ሸሚዝ መቆለፍ ጀመረ።

እማማ ታደለች በመጀመሪያ ጠቡ የነጭ ሽንኩርት ጉዳይ መሰላቸው። የራሳቸውን ነጭ ሽንኩርት አምጥተው በገመዱ በሁለቱም ወገን አስቀመጡ። ምንም ለውጥ አልመጣም። በኋላ እንግሊዝኛ የምታውቀዋን እናቴን ጠሯት። እናቴ ሁለቱንም በየተራ አነጋገረችና ማንጎው ሥር ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው፤ በአገራቸው ሂንዱና ሙስሊም ተጋጭቷል፣ እነዚህም እያንዳንዳቸው የየወገናቸውን ወሬ ሰምተው ተቀያይመዋል አለቻቸው። እማማ ታደለች ሰሊም ሙስሊም እንደሆነ ያውቃሉ። ሂንዱው ማን እንደሆነ ጠየቁ። እናቴ ጎፓል ነው አለች።

"እሷ ኦርቶዶክስ አይደለችም?" አሉ፣ ስለ ጎፓል።

እናቴ አይደለም አለች። እማማ ታደለች የኮታቸውን ኪስ ዳበሱ። ያን ሁሉ የማኅበር ዳቦ እያሰቡ ይመስለኛል። በመጨረሻ ለማኅበር ሴቶቹ እንዳትነግሪ ብለው አስጠነቀቋት፤ አንተና አንቺው በድንጋጤ ልክ መጥቶላቸው ነበር።

ወሬ ግን አይያዝም። የተያዘ ወሬ ሲያመልጥ ደግሞ ቅርጹን ቀይሮ ነው። በሦስተኛው አፍ ላይ "ህንድ አገር ሙስሊሞች ክርስቲያን ላይ ተነሡ፣ ባሕታዊው ጎፓል ከሐዘኑ የተነሣ እህል አልቀምስ ብሏል" ሆነ። ሙዙ እንኳ ጾም ተደረገ። አንድ ከሰዓት የሰፈሩ ጎረምሶች በጋሽ ከድር ሱቅ ጣራ ላይ ድንጋይ ወረወሩ። ቆርቆሮው ሲጮህ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ጋሽ ከድር ወጥቶ ቆመ፤ ማንንም አልተሳደበም። እነዚያን ልጆች ከጡጦ ዘመናቸው ጀምሮ ያውቃቸዋል፤ ከረሜላ እየሰጠ ያሳደጋቸው ናቸው። ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸውና መዝጊያውን ስቦ ዘጋ። በማግስቱም አልከፈተም። ሴቶቹ ሳሙና ፍለጋ እስከ ታች መንገድ መውረድ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም ድሮውንም ሚዛኑ ያጭበረብራል ማለት ጀመሩ። ጋሽ ከድር ሚዛን አልነበረውም። ሁሉን በጣሳ ነበር የሚሸጠው።

ያን ጊዜ እማማ ታደለች ፊታቸው ጠቆረ። ባሕር ማዶ የነደደ እሳት ፍንጣሪው የኛ ሰፈር ቆርቆሮ ላይ ወደቀ፣ አሉ ለእናቴ። ትመጫለሽ፣ ትመጣለህ እያሉ ሁለቱንም ሞክረው፣ ቅዳሜ ጠዋት እንድትገኝ አዘዟት። እናቴ የምን ስብሰባ ነው ብላ ጠየቀች። ሽማግሌዎች ከእርጥብ ሳር ጋር ይንበረከካሉ አሏት። እናቴ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ለአባቴ አጉረመረመች፤ በሕግ አምላክ፣ የተማሩ ሰዎችን በሳር ማስታረቅ ምን የሚሉት ነው፣ እኔስ ምን ብዬ ነው የምተረጉመው አለች። አባቴ "እንደ መጣልሽ" አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ገቡ። የሚመሯቸው አቶ አንጁሎ የሚባሉ፣ የቀኝ ጉልበታቸው የሚያማቸው፣ ያን ጉልበት ስለ ዝናብ ከራዲዮ በላይ የሚያምኑት ሽማግሌ ነበሩ። እማማ ታደለች ጋሽ ከድርን ከቤቱ በግድ አስወጥተው አጠገባቸው አቁመዋል። ሁሉም እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው ከማንጎው ሥር ተንበረከኩ። በጋሞ እንዲህ ተንበርክኮ ሳር የያዘን ሽማግሌ ማለፍ ነውር ብቻ አይደለም፤ ማንም አይሞክረውም። ሽማግሌውም "እሺ" እስኪባል አይነሣም።

ጎፓል የጥርስ ብሩሽ አፉ ውስጥ እንደ ያዘ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ሳሩን አየ። ዞር ብሎ ግቢውን ቃኘ። በኋላ ለእናቴ እንደነገራት ላም የምትመጣ መስሎት ነበር። ከዚያ ሽማግሌዎቹ የተንበረከኩት ለእሱ እንደሆነ ሲገባው ብሩሹ ከአፉ ወደቀ። በእነሱ አገር ወጣቱ ነው የሽማግሌን እግር የሚነካው እንጂ ሽማግሌ ለወጣት አይወድቅም። ሮጦ መጥቶ በጉልበቱ ወደቀና የአቶ አንጁሎን እግር ለመያዝ እጁን ዘረጋ። አቶ አንጁሎ እግራቸውን የሚጎትት ሰው ሲመጣባቸው ሊጥላቸው የፈለገ መሰላቸውና ሸሹ፤ የሚሸሹት ግን ተንበርክከው ስለነበር ሩቅ አልሄዱም። ጎፓልም ተንበርክኮ ተከተላቸው። በዚህ መሐል ሰሊም ወጣ። ለሰው መንበርከክ ለእሱ ትልቅ ኃጢአት ነው፤ የሚሰገድለት አንድ አላህ ብቻ ነው። "አይደለም፣ አይደለም፣ ተነሺ ጌታዬ" እያለ አንዱን ሽማግሌ በብብታቸው ይዞ ሊያነሣ ሲታገል ክብደቱ አሸነፈውና እሱም በጉልበቱ አረፈ። አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ግቢው ውስጥ ያልተንበረከከ ሰው እናቴ ብቻ ሆነች። አጥሩ አጠገብ የቢሮ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች። መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ የሚላት ይመስል ነበር።

ሰሊም ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልጉ በእንግሊዝኛ ጠየቃት። እናቴ እሺ እስክትሉ አይነሡም አለችው። ለምኑ ነው እሺ የምለው አላት። እናቴ ወደ እማማ ታደለች ዞረች።

እማማ ታደለች ሳሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር። ኮታቸው መሬት ላይ ተዘርግቷል። "ልጆቼ፣ እዚያ አገራችሁ ያለውን እሳት ማጥፋት አልችልም" አሉ። "ማን ጀመረው ብዬም አልጠይቃችሁም። ብጠይቃችሁ ሁለታችሁም እውነት ትነግሩኛላችሁ፣ እኔ ይብስ ይጨልምብኛል። ይሄ ማድቤት ግን የኔ ነው። በኔ ማድቤት ሰው ክብሪት ይዞ አይራብም።"

እናቴ ተረጎመች። እንዴት አድርጋ እንደተረጎመችው አላውቅም፤ ስትጨርስ ግን ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ነበር። ሁለቱ ህንዶች መሬት መሬት አዩ። አቶ አንጁሎ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያሻሉ።

መጀመሪያ የተናገረው ሰሊም ነው። ለጎፓል ሳይሆን ለእማማ ታደለች ነበር የተናገረው፣ በእሳቸው አማርኛ። የወንድሙ የጨርቅ ሱቅ ተቃጥሏል። ይሄን ጎፓል ያውቃል። የማያውቀው ሌላ ነበር። "እናቴ አሮጊት ነው" አለ ሰሊም። "ብቻውን ነው። ስልክ አያነሣም። ከእሑድ ጀምሮ አያነሣም።"

ጎፓል ቀና ብሎ አየው። ያን ሁሉ ቀን ድንጋይ ማን ወረወረ ሲባባሉ ይሄን አልተነጋገሩትም ነበር። ጎፓልም በተራው የእህቱ ልጅ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሆስፒታል እንደተኛ አልነገረውም ነበር፤ አሁን ቀስ ብሎ ነገረው። ሰሊም እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ጎፓል ተንበርክኮ እንዳለ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ስልክ አውጥቶ ደወለ። ሌላዋ እህቱ የምትኖረው የሰሊም እናት ካሉበት መንደር ቀጥሎ ነው። እህቱ አነሣች። ሁለት ቃል ሳይናገሩ ሒሳቡ አለቀና ተቋረጠ።

ጋሽ ከድር ይሄን ጊዜ ብድግ አለ። ሳሩን እንደ ያዘ ከግቢው ሮጦ ወጣ፤ የሱቁ መዝጊያ ሲከፈት ከወዲህ ተሰማ። የሞባይል ካርዱን በሳጥኑ ይዞት መጣና ጉልበቱን አጥፎ አንድ በአንድ ይፍቅ ጀመር። እሱ ቁጥር ያነብባል፣ ሰሊም ይጫናል፣ ጎፓል ያወራል። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። አቶ አንጁሎ በጋሞኛ አንድ ነገር አሉ፤ እማማ ታደለች ለእናቴ፣ እናቴ ለህንዶቹ አስተላለፈች፦ "ስልኩ ይቀጥል፣ ግን እሺ ማለቱ ይቅደም፤ ይሄ ጉልበት የመንግሥት አይደለም ይላሉ።"

ሰሊም ሳቀ። ሳቁ ከየት እንደመጣ ራሱም የገረመው ይመስላል። ስለ እናቱ ገና የተሰማ ነገር አልነበረም። ጎፓል ስልኩን ጆሮው ላይ እንደ ለጠፈ ወደ እሱ ዞሮ እጁን ዘረጋለት። ሰሊም እጁን ያዘውና "እሺ" አለ። ጎፓልም "እሺ" አለ። አቶ አንጁሎን ለማንሣት አራት ሰው አስፈለገ።

መንገዱ በሰዓት እላፊ ስለተዘጋ የጎፓል እህት መውጣት አልቻለችም። ቤቶቹ ግን ጠፍጣፋ ጣራ ያላቸውና የተያያዙ ናቸው። ጣራ ላይ ወጥታ ለጎረቤቷ ጮኸች፤ ጎረቤቷ ለቀጣዩ ጣራ፣ ቀጣዩም ለቀጣዩ። ወሬው ሂንዱ ጣራና ሙስሊም ጣራ ሳይል መንደር ተሻግሮ ሄደ። በመሐል አንድ ባለ ጣራ ምን አገባኝ ብሎ ስላላስተላለፈ በሌላ ዙሪያ መሄድ ነበረበት። ከእማማ ታደለች ግቢ የሄደ ሰው የለም። ክብሪቱ ከሰሊም፣ ላምባው ከጎፓል ወጣና ምድጃው ነደደ። ጎፓል ሰናፍጩን ዘይት ውስጥ ሲጥል ሽማግሌዎቹ የፈነዳ ነገር መስሏቸው ደነገጡ። የሽፈራውን ዱላ ወጥ ሠርተው አቀረቡላቸው። አቶ አንጁሎ አንዱን ብዙ አኝከው በጨዋነት ከሳሩ ሥር ደበቁት።

ወደ ማታ ስልኩ ጮኸ። የሰሊም እናት ደህና ናቸው። አንዲት የሂንዱ ልብስ ሰፊ ቤት ተጠልለው፣ ስልካቸውን ቤታቸው ረስተው፣ የሴትየዋን ወጥ ጨው አነሰው እያሉ ሲያስመርሩ ነው የተገኙት። ሰሊም ይሄን ሲሰማ የማንጎው ግንድ ላይ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ። እማማ ታደለች ኮታቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉት። ያለ ኮት ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሁሉም እንደ ድሮው ሆነ ብል ውሸት ነው። የሰሊም ወንድም ሱቁን ዳግመኛ አልከፈተም፤ ሌላ ከተማ ሄደ። ሁለቱ ጓደኛሞች ስለ አገራቸው ማውራት ቀነሱ። አንዳንድ ቀን አንዱ ስልኩን እያየ ፊቱ ሲለወጥ ሌላው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ይወጣ ነበር። ገመዱን ግን እማማ ታደለች ፍየል አሰሩበት። ድንጋይ የወረወሩት ጎረምሶች በአቶ አንጁሎ ትዕዛዝ የጋሽ ከድርን ጣራ እንዲጠግኑ ተደረገ፤ ከጠገኑት በኋላ ድሮ የማያፈስበትም ቦታ ማፍሰስ ጀመረ። ጋሽ ከድር ክረምቱን ሙሉ ስኳሩን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዘዋውር ቆየና፣ እነዚህ ልጆች ሲጣሉኝ ይሻለኝ ነበር ይል ጀመር። ስለ ጎፓል እውነቱን ሲሰሙ የማኅበር ሴቶቹ ተደናገጡ። እማማ ታደለች ሃይማኖቷ ሌላ ይሁን እንጂ ጾሟ የእውነት ነው ብለው ዘጉት፤ ዳቦውንም መስጠት አላቋረጡም።

ውላቸው ሲያልቅ ህንዶቹ በተለያየ ዓመት ሄዱ። እማማ ታደለች ያረፉት እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ነው። ልጅ ስላልነበራቸው ግቢው ለወንድማቸው ልጆች ደረሰ፤ እነሱም ሸጡት። ዛሬ ማንጎው የለም፣ ባለ አራት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ቆሟል።

ካረፉ በኋላ ባለው ዓመት፣ ለእረፍት አርባ ምንጭ ሳለሁ፣ ከሌላ አካባቢ ክፉ ወሬ መጣ። የእኛ ሰዎች እዚያ ተጎዱ ተባለ። ከቀትር በኋላ ወጣቶች ዱላ ይዘው፣ የዚያ አካባቢ ሰዎች ናቸው ወደተባሉ ባለሱቆች በሰፈራችን መንገድ መውረድ ጀመሩ። በረንዳችን ላይ ቆሜ አያለሁ። እናቴ ከገበያ እየተመለሰች ነበር። ከታች በኩል ስትመጣ አየኋት፤ የቢሮ ጉርድ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ከእነሱ ጋር መሐል መንገድ ላይ ልትገናኝ ነው። ግቢ ብዬ ጮህኩ። አልሰማችኝም። አስፋልቱ መሐል ላይ ቆመች፣ ዙሪያዋን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ተንበረከከች። ሳር አልነበራትም። የያዘችው ጎመን ነበር፤ እሱን በሁለት እጇ ከፊቷ ዘረጋች።

ወጣቶቹ ቆሙ። ከፊት ያሉት አንዳንዶቹ እናቴ የምታውቃቸው ነበሩ። አንዱ ጠጋ ብሎ "እትዬ ሰብለ፣ ይነሡ፣ ሰው ያያል" አላት። ጎመኑን ከፍ አደረገችው። ሌላዋ ጎረቤታችን ከበሯ ወጥታ አጠገቧ ተንበረከከች፤ ከዚያ ሌላም፣ ከዚያ ጋሽ ከድር መጣ። በኋላ ሽማግሌዎቹ ደርሰው ነገሩን በወጉ ያዙት። ዱላዎቹ አንድ በአንድ መሬት ወረዱ፤ ልጆቹ ሲመለሱ አንዳቸውም ቀና ብሎ አይሄድም ነበር።

ማታ ጉልበቷን በሞቀ ውኃ አጠብኩላት። አስፋልቱ በሁለቱም በኩል ልጦት ነበር። በማግስቱ እያነከሰች ሥራ ገባች፤ መሥሪያ ቤት ምን ሆንሽ ብለው ሲጠይቋት ከባጃጅ ስወርድ ወደቅኩ አለቻቸው።